የሎቲ ድንጋይ

ድንጋዩን ግንቡ ላይ ያስቀመጠው ኤልዚ ራሱ ነው። ሲሚንቶውን አነጠፈ፣ ግራጫ የድንጋይ ሽበት ያወጣውን ገጽ ወደ ውጭ አዞረ፣ በመዶሻው እጀታ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ አረጋው። መንግሥት ተራራውን ፓርክ ለማድረግ ያቋቋመው የሥራ ካምፕ ትእዛዝ እንዲህ ነበር፤ ፓርኩ ገና ሲከፈት ግንቡ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው መምሰል አለበት። ሰውን ከቨርጂኒያ ተራራ አስለቅቆ ቦታው ድሮም ዱር ነበር ለማስባል ይህ ሁሉ ድካም! ሥራ ያጡ የከተማ ወጣቶች ድንጋይ ይለቅማሉ፤ የተራራው ልጅ ኤልዚ ይገነባል።

ለምሳ ሊነሣ ሲል አየው። በድንጋዩ ወገብ ላይ ነጭ መስመር ያልፋል፤ ቀኝ ማዕዘኑ ተሸርፏል። ያን ማዕዘን በመጥረቢያ የሸረፈው እሱ ነው፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ በጉሮሮ በሽታ በሞተችው ልጁ በሎቲ ራስጌ ሲያቆመው። እዚያ ተራራ ላይ በመቃብር ድንጋይ ስም አይጻፍም። የቀበረ ሰው ድንጋዩን ያውቀዋል፣ በቃ።

ከከተማ ወጣቶቹ አንዱን፣ ድንጋይ የሚያመላልሰውን ቬርኖንን ጠራ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከላይ ነዋ ጋሼ፣ ከፖም ዛፎቹ ጀርባ። የዛሬ ሦስት ሳምንት። ተሰልፎ ቆሞ ጠበቀን እኮ፣ መቆፈር እንኳ አላስፈለገንም።»

«ማን ያሰለፈው መሰለህ?»

ቬርኖን ሊስቅ ነበር። የኤልዚን ፊት ሲያይ ተወው።

የፊታችን እሑድ የመቃብር ቀን ነው። ከተራራው ተነሥተው ሸለቆ ውስጥ የሰፈሩት ቤተሰቦች በዓመት አንዴ ወጥተው ከመቃብሩ ላይ ሣር ይነቅላሉ፣ አበባ ያኖራሉ። ሚስቱ ኦርፋ የወረቀት አበባዋን ሠርታ ጨርሳለች።

ኤልዚ መሮውን አነሣ። ተቆጣጣሪው ሚስተር ግሪር ከወዲያ ማዶ መጣ።

«እሑድ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ግንቡን ካፈረስከው ነገ እዚህ አላይህም፣ ኤልዚ።»

«አታየኝም።»

ሲሚንቶው ገና እርጥብ ስለነበር ድንጋዩ ሳያስቸግር ወጣ። ከቬርኖን ጋር ድንጋይ ማመላለሻው መኪና ላይ ጭነው ሽቅብ ወጡ፤ ኤልዚ መንገዱን ሁሉ እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ነበር።

ከፖም ዛፎቹ ጀርባ ሲደርሱ መቃብሩን አጣው። ወጣቶቹ ድንጋዩን ከለቀሙ በኋላ ቦታውን ተጨንቀው አሳምረውታል፤ አጥሩን ነቅለው፣ የድንጋዮቹን ጉድጓድ ደፍነው፣ መሬቱን አስተካክለው ሣር ዘርተውበታል። ሣሩም አምሮበት በቅሏል። ሃያ ሦስት ሰው የተኛበት ቦታ አንድ ለስላሳ ሜዳ ሆኗል።

ሎቲ ከአጥሩ አምስት እርምጃ ላይ ነበረች። አጥሩ የት ነበር? ኤልዚ ፈራ። ልጁን ከቀበረ ወዲህ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

ቬርኖን ድንጋዩን ታቅፎ ከኋላው ይከተለዋል። ክብደቱ ያንገዳግደዋል፣ መሬት ሊያሳርፈው ግን አልደፈረም።

«ጋሼ ኤልዚ፣ የት ላድርገው?»

ኤልዚ ሣሩን አየ።

«ያዘው» አለ። «እባክህ፣ ትንሽ ያዘው።»