ለመሸኛ የተቀመጠ ክኒን

አመለሸጋ እግሯን መሬት እንዳስነካች ጉልበቷ ከዳትና ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ባሏ ባይሳ ከጓሮ ሮጦ ገባ።

«ማን ተነሺ አለሽ?»

«ጫማዬን አቀብለኝ። ልጁ ሳይመጣ ፊቴን ልታጠብ።»

ልጁ ያለችው ልጃቸውን ተሻለን ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመለ ጀምሮ ቀበሌ ግቢ ነው የሰነበተው፤ መኪናው ዛሬ ከአምቦ ይነሳል። ቤተሰቡን ተሰናብቶ እንዲመለስ ለትንሽ ጊዜ ይለቁታል ተብሏል።

ባይሳ አቅፎ አልጋው ላይ መለሳት። እንደ ጥጥ ቀለለችው። ፊቷ ግን ሞልቶ ጉንጯ ስላበጠ፣ ላያት ሰው የተመቻት ትመስላለች።

አንገቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ከተባለ ከርሟል። አዲስ አበባ እየተመላለሰች በደም ሥሯ ከሚሰጣት መድኃኒት ጋር ትንንሽ ነጭ ክኒኖች አዘውላት ነበር። ክኒኖቹማ ጉድ ነበሩ! እነሱን በምትውጥበት ሰሞን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ገበያ ወርዳ ቅቤዋን ትሸጣለች፤ ፊቷን የሞሉትም እነሱ ናቸው። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ እየቀነስሽ ትተዪዋለሽ እንጂ በአንዴ እንዳታቋርጪ» ብሎ ነው የሸኛት።

እሷ ግን የቅቤ ነጋዴ ናት። ከካቺሲ ገጠር ቅቤ በመጣላት ቁጥር ከላዩ ቀነስ አድርጋ ለበዓል ማስቀመጥ የኖረችበት ነው። ተሻለ እንደሚሄድ የሰማች ዕለት ክኒኑን መዋጥ ተወች። በመሸኛው ቀን አንድ ላይ ወስዳ፣ ቆማ፣ ስቃ ልትሸኘው።

ሰውነቷ እስከዚያ አልጠበቃትም። አጥንቷን ይቆረጥማት ጀመር፤ የቀመሰችው አልረጋ አላት፤ ያለ ምክንያት እንባዋ ይወርዳል። ባይሳ በሽታው አሸነፋት ብሎ፣ እንዳታየው ጓሮ እየወጣ ያለቅስ ነበር።

ዛሬ ግን ነርሷን ሲስተር ሹኩሪያን ከጤና ጣቢያ ጠርቷት ኖሮ ገባች። የደም ግፊቷን ለካቻትና በጣም ወርዶ ስላየች ደነገጠች።

«እትዬ አመለሸጋ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

አመለሸጋ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ክኒኖቹ እዚያ ተቋጥረዋል።

«ሲስተርዬ፣ ሁሉንም ስጪኝ። ዛሬን ብቻ ልቁም።»

«ውይ፣ እትዬ! ሰውነትዎ እኮ የራሱን ሥራ ለዚህ ክኒን ትቶለት ነበር። በድንገት ሲያጣው ነው እንዲህ የወደቀው። በታዘዘልዎ መጠን አሁኑኑ ይጀምራሉ፤ እኔም ሆስፒታል የሚያደርስዎ መኪና እፈልጋለሁ።»

«ዛሬ ያስነሳኛል?»

ሹኩሪያ ውኃ ቀዳችላት። «ዛሬስ አያስነሳዎትም» አለችና ክኒኑን አስውጣት መኪና ፍለጋ ወጣች።

አመለሸጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ባይሳ፣ በሩ ላይ ቁም። ገበያ ደክሟት ተኝታለች በለው። እንዲህ አይቶኝ ከሄደ እዚያ እኔን እያሰበ ራሱን አይጠብቅም።»

ብዙም ሳይቆይ የተሻለ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

«አባዬ፣ እማዬስ?»

«ተኝታለች። ገበያ ውላ ደክሟት…»

«ልቀስቅሳት።»

«ተው አልኩህ!»

«ጎረቤታችንን አስካለችን ጠይቄያት ገበያ ከወጣች ሰንብታለች አለችኝ።» የልጁ ድምፅ ተሰበረ። «መንገደኛ ነው ብላችሁ መርዶ ደበቃችሁኝ እንዴ? አባዬ፣ እናቴ ሞታለች?»

ባይሳ ክንዱን ይዞ አላስገባው አለ። ተሻለ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

አመለሸጋ ፀጉር የሌለውን ራሷን ልትሸፍንበት ሻሿን አነሳች። እጇ ላይ ትንሽ ያዘችው። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ባይሳ፣ ልቀቀው!» አለች ባላት አቅም። «ግባ ልጄ። ና እየኝ።»