የተናቀው ኮላ

ኖርማን ትሬዊን ሌላ ሰው የሠራውን ሞዴል አይቶ «በርታ» ብሎ አያውቅም። ከፕላስቲክ ትንንሽ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር የሚገጣጥሙት የፔንዛንስ ከተማ ሞዴል ሠሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰቡ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ የሰው ልፋት ያጣጥላል። በተለይ በማጣበቂያ ነገር የሚችለው የለም። ማወቁንስ ያውቃል፤ ዕውቀቱን እንደ ዱላ የሚይዝ ሰው ግን አይጣል ነው!

«ፕላስቲክን ከፕላስቲክ፣ አቅልጦ በሚያዋህደው ፈሳሽ። ብረትን ከፕላስቲክ፣ በሱፐር ግሉ። አለቀ! ሌላው የልጅ ጨዋታ ነው» ይላል።

የልጅ ጨዋታ የሚለው የሎዌና ቦሳንኮን ሥራ ነው። ሎዌና ጡረታ የወጣች የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ የሄሊኮፕተሮቿን መስኮት ሁሉ ልጆች ወረቀት በሚለጥፉበት ነጭ ኮላ ነው የምታጣብቀው።

«የኔ ቆንጆ» አላት ኖርማን አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሲደርቅ ብልጭልጭም ትነሰንሺበታለሽ?»

«አንተ ላይ ብነሰንሰው ይሻላል፤ ፊትህ ትንሽ ብርሃን ይፈልጋል» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኖርማን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ኮላ ቤቴ አይገባም ብሎ ማለ። ይህም አንድ ጀግንነት ሆኖ!

ይኸው ሰውዬ በዚያ ሰሞን የሚሠራት ሄሊኮፕተር እንደሌሎቹ አልነበረችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣባት ጀልባ ሰጥማ፣ በሄሊኮፕተር ደርሰው ያተረፉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አብራሪው ጃጎ ፔንገሊና በገመድ የሚወርደው ዴንዚል ናንስ። ዴንዚል ኖርማንን ካወጣ በኋላ ጀልባዋ ላይ አብሮት ለነበረው ሌላ ሰው ተመልሶ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ኖርማን ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ጃጎን ባየው ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ምን ይበለው? አሁን ጃጎ ሰማንያ ስምንት ሞልቶታል፤ ሰኞ ልጁ ሩቅ አገር ልትወስደው ነው። ስለዚህ ኖርማን ስምንት ወር ሙሉ ያቺኑ ሄሊኮፕተር ሲሠራ ከረመ። የሁለቱን ሰዎች ትንንሽ ምስል ሠርቶ ፊታቸውን ከፎቶግራፍ እያየ ቀባና ጎን ለጎን ከመስታወቱ ኋላ አስቀመጣቸው። ቅዳሜ በሞዴል ሠሪዎቹ ትርኢት ላይ ለጃጎ በእጁ ሊያስረክበው ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳጥኗ ውስጥ ሲያስገባት እጁ አዳለጠውና የፊት መስታወቷ በአንድ በኩል ተላቀቀ። መስታወት ይባል እንጂ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ነጭ ኮላ ቢቀባ በማግስቱ ምንም አይታይበትም ነበር። ግን ኮላ የልጅ ነዋ! ለመግዛት ቢሄድ ደግሞ ሎዌና ብታየውስ? ሱፐር ግሉውን አንሥቶ አንድ ጠብታ ጣል አደረገ፤ አቧራ እንዳይነካት ብሎ ሳጥኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሱ ግን የሚለቀም እንኳ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲከፍተው የማጣበቂያው ትነት ከውስጥ መስታወቱን ሁሉ አልብሶት አገኘው። ሰው ተንፍሶበት የቀረ ይመስል ነጭ ሆኗል። ሁለቱ ፊቶች የሉም።

አዳራሹ ውስጥ ጃጎ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ ሄሊኮፕተሯን አየ። ጎንበስ አለ፤ መነጽሩን ጠረገ፤ እንደገና አየ።

«ዴንዚል የት አለ?»

«ሆን ብዬ ነው፣ ካፒቴን» አለ ኖርማን። ምላሱ ከእሱ ቀድማ ሮጠች። «የዚያን ቀን ጉም ለማሳየት ብዬ ነው።»

ወይ ጉድ! ሌላ የሚዋሸው ሰው ያጣ ይመስል ለዚህ ሰው ይዋሻል።

ጃጎ ቀና ብሎ አየው። «ምን ጉም? ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር እኮ፣ ልጄ። ዴንዚል አንተን አቅፎ ሲወጣ ፊቱን አይቼዋለሁ። እየሳቀ ነበር። አንተም ትስቅ ነበር።»

ኖርማን አፍሮ መሬት መሬት አየ። እንዲህም አፍሮ አያውቅ።

«ጉም አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ማጣበቂያ ተሳስቼ ነው። አበላሸሁት።»

ከዚያ አዳራሹን አቋርጦ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ከሎዌና ጠረጴዛ ፊት ቆመ። የናቁት ያደርጋል ራቁት።

«ሎዌና፣ ኮላሽን ስጪኝ።»

«የመዋዕለ ሕፃናቱን? እጅህን ታጥበሃል?» አለችው። ፊቱን ስታይ ግን ቀልዱን ተወችው። «አምጣት እስቲ።»

መስታወቱን በቀጭን ስለት ፈልቅቃ አወጣችው፤ ውስጡን በጥርስ ሳሙና አሽታ አሽታ ጉሙን አስለቀቀችው። ኮላውን በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ራሱ ኖርማን ቀባ።

«እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ ካፒቴን» አለ።

«የት እሄዳለሁ?» አለ ጃጎ። ሻይ አስመጣ፤ ሻዩም ቀዘቀዘ። ከሰዓት በኋላ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ነጭ መስመር ቀስ በቀስ ጠርቶ ጠፋ።

ጃጎ አፍንጫው ፕላስቲኩን እስኪነካ ቀረበ።

«የዴንዚልን ጆሮ አተልቀኸዋል» አለ። «ቢያይህ ይሰድብህ ነበር።»

«ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ» አለ ኖርማን፤ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ሦስት ዓመት ያቆየውን «አመሰግናለሁ» ተናገረ። ጃጎ እጁን ዘርግቶ ክንዱን ያዘው፤ ዓይኑን ግን ከመስታወቱ አላነሣም።