ወለቃ ላይ የተፈታው ክዳን

ጭሱ ከመቀመጫው ሥር ሲወጣ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችውን ወለቃን ገና መልቀቃቸው ነበር። ቄስ ወልደኢየሱስ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ከጎናቸው የተቀመጡት አያ ዳኛው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው መንገዱን ያያሉ።

«ምነው ይኼ ማኪና ይጨሳል?» አሉ ቄሱ።

«ዘይት ነው፣ አባ። ይተወዋል» አለ ሹፌሩ ዓለምነው።

አልተወውም። ዳገቱ ሲጀምር ጭሱ ወፈረ፤ የተቃጠለው ዘይት ዐይን ያስለቅስ ጀመር። ዓለምነው ዳር ይዞ ቆመ። አባቱን አያ ዳኛውንና ቄሱን አስወርዶ የፊት መቀመጫውን ገለበጠው። የሚኒባሱ ሞተር ከዚያ ሥር ነው። የቫልቩ ክዳን ዙሪያውን ረጥቧል፤ ዘይቱ በጎን እየወረደ ከጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ቦታ ትንሽ ነበልባል ብልጭ ስትል አየ። ጨርቅ ጥሎ አፈናት።

«እንዲህ ሆኖ ትክል ድንጋይ አይደርስም» አለ።

አያ ዳኛው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። «መድረስ አለበት።»

የሚሄዱት ለእርቅ ነበር። ካቻምና የዓለምነው ታናሽ ወንድም አለነ በማሳ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤታቸውን ገደለ። አለነ ተፈርዶበት ታስሯል። እስራቱ ግን የመንግሥት ነው፤ የሟች ወገን ደም አልደረቀም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ደጀ ሰላም አልተገናኙም፤ ከአንድ ምንጭም አልቀዱም። ደሙ የሚፈለገው ደግሞ ከታሰረው ሳይሆን ውጭ ካለው ወንድ ነው። ውጭ ያለው ዓለምነው ብቻ ነው። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ፒያሳ ይመላለሳል እንጂ ከከተማ አይወጣም። ዛሬ የወጣው፣ ለደም እርቅ የሚሄድ ሰው ለመጫን ሌላው ሹፌር ሁሉ ስለፈራ ነው። እሱም ቢሆን ሁለቱን ከመንደሩ አፋፍ አውርዶ፣ የማኪናውን ፊት ወደ ጎንደር አዙሮ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሊጠብቃቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ ቀኑን ሚካኤል ያደረጉት ገበሬው ስለማያጭድ ነው። ፀሐይ ከአናት ሳታልፍ ያልቀረበ የገዳይ ወገን እንደናቀ ይቆጠራል። የሟች ወገን ተነሥቶ ይሄዳል፤ አንዴ ከተነሣ ደግሞ መልሶ የሚያስቀምጠው ሽማግሌ አይገኝም።

ዓለምነው ሁለቱን መልሶ አሳፍሮ ማኪናውን አዞረና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑ እየከበደው፣ ቁልቁል ወደ ወለቃ ተንሸራተተ። ከሸክላ ሻጮቹ መደብ ጀርባ ሙሉቀን የሚባል መካኒክ እንዳለ ያውቃል። ጋራዡ ተዘግቷል። ሙሉቀን ነጭ ለብሶ ከበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነው። ቄሱን ሲያይ ተነሣ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታ።»

ዓለምነው የሆነውን ነገረው። ከክዳኑ ሥር ገብቶ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ፣ አዲሱ ጋስኬት፣ በዓለምነው እጅ ነበር። ከገዛው ቆይቷል፤ ዛሬ ነገ ሲል ከመቀመጫው ኋላ ከነላስቲኩ ተንጠልጥሎ ከርሟል። ሙሉቀን ሞተሩን ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ክዳኑን ፈትቶ ጋስኬት መቀየር ነው፤ ሌላ የለውም። እኔ ግን ዛሬ ቁልፍ አልይዝም።»

«ምነው?»

«ሚካኤል ነው። አምና በዕለቱ የማኪና ማንሻው ክሪክ ከድቶኝ ከአይሱዙ ሥር ያወጣኝ እሱ ነው። ተስያለሁ።»

«የደም እርቅ ነው የምንሄድ፣ ልጄ» አሉ አያ ዳኛው።

ሙሉቀን ወደ ቄሱ ዞረ። «ምን ይላሉ፣ አባ?»

«ለእርቅ የሚሠራ ሥራ በዓል አይሽርም። ስለቱ ግን የአንተና የሚካኤል ነው። እኔ መሐላችሁ ምን ጥልቅ አደረገኝ?»

ሙሉቀን አገጩን አሸ። «እንግዲያው እጄን አልሰጥም። አፌን ግን አልተሳልሁበትም። ቁልፎቹ ከሣጥኑ ውስጥ ናቸው፤ ራስህ ውሰድ።»

ድንጋይ ስቦ ከማኪናው በር አጠገብ ተቀመጠና ሁለት እጁን በነጠላው ጠቀለለ። ከዚያ ወዲያ የሚያመለክተው በአገጩ ብቻ ነበር።

«መጀመሪያ ይብረድ። በትኩሱ ብትፈታው ክዳኑ ይጣመማል።»

አያ ዳኛው መቆም አልቻሉም። ስልካቸውን ለቄሱ ሰጥተው ወደ አስፋልቱ ወጡ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ። ዓለምነው የሞተሩን ብረት በመዳፉ እየነካ መዳፉን ያነሣል። ሦስቱም ጥላ ያያሉ። የማኪናው ጥላ እያጠረ ነው።

«አሁን ፍታ» አለ ሙሉቀን። «ከዳር ጀምር። ይኼን ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ። ባንጠባጠበ ቁጥር አጠበቅሁት።»

«በጥርስህ ነው? ባጠበቅኸው ቁጥር ነዋ ጎማውን የፈጨኸው። እሱ መያዝ እንጂ መታነቅ አይወድም።»

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጡ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየተቀበሉ ከቆባቸው ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር። ክዳኑ ሲነሣ አሮጌው ጋስኬት እንደ ሸክላ ደርቆ ተሰባበረ።

«ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ። በጨርቅ ሸፍን። ፋቀው፣ ቀስ ብለህ። አባ፣ ያቺን ጨርቅ ያቀብሉት፤ የለም፣ ንጹሕዋን።»

ቄሱ አቀበሉ። ያኔ የአያ ዳኛው ስልክ ጮኸ። ቄሱ ጆሯቸው ስለማይረዳቸው ድምፁን ከፍ አድርገው አነሡት። የደወሉት አስታራቂው አያ ስማቸው ናቸው፤ ሁለቱም ወገን እንዲያምናቸው ከሌላ ቀበሌ የተመረጡ ሽማግሌ።

«ወዴት ደረሳችሁ፣ አባ?»

«ወለቃ ነን። ማኪናው ተበላሽቶብን።»

«ቶሎ በሉ። ሰዎቹ እየተቁነጠነጡ ነው። የሟች ወንድም “ትልቁ ልጅ ሳይምል ምን እርቅ አለ” ብሎ ነበር። ሁመራ ወርዶ እንደቀረ አያ ዳኛው የነገሩኝን ነግሬ አበረድሁት። አንቱ ሲደርሱ መስቀል ይዘው ያጽኑልኝ፤ የአንቱን ቃል ይቀበላል።»

ዓለምነው መፋቂያውን እንደያዘ ቆመ። ቄሱ አዩት።

«እንመጣለን» አሉና ስልኩን ዘጉት። ቆይተው፣ «ሁመራ ነህ ለካ» አሉ።

«እኔ አላልሁም። አባየ ናቸው ያሉ።»

«ሲሉ ሰምተሃል።»

«ምን ላድርግ፣ አባ? የሟች ወንድም እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።»

«ያልማለ አልታረቀም። አባትህ ቢምሉ ለራሳቸው ነው። አንተ እንደተፈለግህ ትቀራለህ።»

ሙሉቀን ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። አያ ዳኛው ከአስፋልቱ ሲመለሱ የሦስቱን ፊት አይተው ገባቸው።

«ስማቸው ደወለ?»

«ደወለ። ሁመራን በመስቀል አጽና አለኝ» አሉ ቄሱ። «አላጸናም፣ አያ ዳኛው። አልዋሽም፤ አላጋልጥምም። ሲጠይቁኝ ዝም እላለሁ።»

«ዝም ካሉማ ያውቃሉ። ተነሥተው ይሄዳሉ።»

«አዎ፣ ይሄዳሉ።»

የአያ ዳኛው ዱላ መሬቱን ወጋ። «አንዱን ልጄን መንግሥት ወሰደብኝ። ሌላውን እኔው ወስጄ ላስረክብ፣ አባ?»

ቄሱ ብሎኖቹን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ።

«ሥራህን ሥራ» አለ ሙሉቀን ቀስ ብሎ። «ያን ማሸጊያ ሲልኮን ከመደርደሪያው አምጣ። ከጥግና ጥጉ ብቻ፣ ትንሽ። ሙሉውን አትቀባው፤ ዳቦ አይደለም።»

ዓለምነው አዲሱን ጋስኬት ከክዳኑ ቦይ ውስጥ በጣቱ እየተጫነ አስገባ። አንድ ቦታ ተመልሶ ወጣበት፤ እንደገና አስገባው። ክዳኑን በቦታው አስቀመጠ።

«ከመሐል ጀምረህ ወደ ዳር። ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ። ያዝ ሲያደርግህ ተው።»

«ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ዓለምነው ቁልፉን አላነሣም።

«ይበቃል አልሁህ። ልቀቀው።»

ለቀቀው። ሲልኮኑ እስኪይዝ መጠበቅ ግዴታ ነበር። ሙሉቀን ለአያ ዳኛው ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ሞተሩ አሁን ከተነሣ ድካሙን ውኃ በላው፣ ዳገቱ ላይ መልሶ ይጨሳል አላቸው። ዓለምነው እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ መልሶ በአፈር አሸው። መንገዱ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። መጠበቁን አልቻለውም፤ እንዲያልቅም አልፈለገም። ከመደቡ ላይ ሸክላ የምትደረድር ሴት፣ «አንተ ሰውዬ፣ አቧራ አታስነሣብኝ» አለችው።

በኋላ ሙሉቀን በአገጩ ምልክት ሰጠ። ሞተሩ ተነሣ። ከጭስ ማውጫው ብረት ላይ የቀረው ዘይት ትንሽ ጨሰና ጠፋ። ዓለምነው በስልኩ መብራት ክዳኑን ዙሪያውን አየ። ደርቋል።

«ሸጋ» አለ ሙሉቀን። «ሂዱ። ያስማማችሁ።»

ወደ ትክል ድንጋይ መንገዱን ቀጠሉ። ማኪናው ዳገቱን ሳይጨስ ወጣ። የታጨደ ጤፍ በየማሳው ተከምሯል፤ በዓል ስለሆነ ሰው የለበትም። ዓለምነው ዐይኑ በመስታወቱና በመንገዱ ዳር ይቅበዘበዛል፤ የቆመ ሰው ባየ ቁጥር መሪውን ጨመቀ።

ከአፋፉ ሲደርስ ማኪናውን አዞረና ቆመ። ከታች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራ ሥር ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በአንደኛው ወገን ግማሾቹ ተነሥተዋል፤ ነጠላቸውን እያጣፉ ነው።

«አታጥፋው» አሉ አያ ዳኛው። «አንድ ነገር ካየህ እኔን አትጠብቅ።»

ወርደው እየተንደረደሩ ቁልቁል ሄዱ። ቄሱ ተከተሏቸው። የማኪናውን በር አልዘጉትም።

በሁለቱ ወገኖች መሐል ድንጋይ ተቀምጧል። የገዳይ ወገን እሱን በጫንቃው ተሸክሞ ይንበረከካል፤ የሟች ወገን «ተነሥ» እስኪለው ድረስ እንደተንበረከከ ይቆያል። አያ ዳኛው ጎንበስ ብለው አነሡት። አልቻሉትም፤ እንደገና አነሡት። ተንበርክከው ጫንቃቸው ላይ ሲያደርጉት ክንዳቸው ሲርድ ከአፋፉ ላይ ይታይ ነበር። ተነሥተው የነበሩት ሰዎች ቆሙ፤ አልተቀመጡም። አያ ስማቸው ወደ ቄሱ ቀርበው አንድ ነገር ጠየቁ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ዝም አሉ። አያ ስማቸው ደግመው ጠየቁ። የሟች ወንድም ራሱን ቀና አደረገና ወደ ማኪናው አየ።

የዓለምነው እግር ነዳጁ ላይ ነበር። ከፊቱ የጎንደር መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል። ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይዞራል።

ቁልፉን አዞረና አጠፋው።

ቁልቁል ሲወርድ አልሮጠም፤ ሁለት እጁን እንዲታይ ወደ ጎን ዘርግቶ ሄደ። ከሰዎቹ አንዱ መሣሪያ ሊያወጣ ጋቢውን ገለጠ፤ ሌላው ክንዱን ያዘው።

«አንተ ምን ቸገረህ?» አሉ አያ ስማቸው። «ሹፌሩ አይደለህም?»

ዓለምነው ከአባቱ ጎን ተንበረከከ። ድንጋዩን ከጫንቃቸው አንሥቶ በራሱ ጫንቃ ላይ አደረገው።

«ልጃቸው ነኝ» አለ። «ትልቁ።»