ስትደውል የሚደረግ ጥርስ

«ጥርሱን የሠራችለት እኮ ራሷ ልጁ ናት!» አለች ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጠች የቤተ ክርስቲያን እህት፣ ለጎኗ ሴት። ማንሾካሾኳ ነበር፤ ሹክሹክታዋ ግን ሦስት ወንበር ያልፋል።

ሩሀማ ሰማች። አባቷ ማቴዎስ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሐዋሳ ቱላ ሰፈር፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ከእናቷ ከካሰች አጠገብ ተቀምጣ፣ «ጌታ ያጽናችሁ» የሚለውን ሁሉ በአንገቷ ትቀበላለች። አዲስ አበባ ስፔሻሊቲ የምትማር የጥርስ ሐኪም ናት፤ የምትማረውም ጥርሱን ላጣ ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ልትጨርስ አራት ወር ቀርቷታል።

ሴትዮዋ ቀጠለች። «ሲስቅ አላየሽውም? ወጣት መስሎ ነበር።»

ካሰች ደንገጥ ብላ ልጇን አየቻትና አንገቷን ደፋች።

ማቴዎስ ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተምሯል። ድዱ ታሞ ጥርሶቹ ተራ በተራ ሲወልቁ ድምፁም አብሯቸው ሄደ። አንድ ቀን ቃል ጽሕፈት ሲያስጽፍ «ሰ» እና «ሸ» ተቀላቀሉበትና ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አፉን በእጁ ሳይሸፍን አውርቶ አያውቅም፤ በዓመቱም ጡረታ ወጣ።

ሩሀማ የስፔሻሊቲ አንደኛ ዓመት ሳለች፣ ሙሉ ጥርስ ልትሠራለት የቀጠረችው ታካሚ ቀረባት። እሱን ሥራ ካላስረከበች ደግሞ ወደሚቀጥለው ዓመት አታልፍም። ጭንቀቷን በስልክ ስትነግረው ማቴዎስ፣ «እኔ አለሁ አይደል? አፍ አለኝ፣ ጥርስ የለኝም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

አምስት ጊዜ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ተመላለሰ። የድዱን ልክ ስትወስድ ማስመለስ እየታገለው ዝም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻው ቀጠሮ፣ ጥርሱን አድርጋለት ሳለ፣ አስተማሪዋ መጣና አገጩን አየት አድርጎ፣ «የጥርሱ ቁመት ትንሽ የበዛ ይመስለኛል። ይመችዎታል አባት?» ሲል ጠየቀ።

አይመችም ከተባለ እንደገና መሥራት ነው፤ እንደገና መሥራት ደግሞ ሌላ ሁለት ወር። ሩሀማ አባቷን በዓይኗ ለመነችው።

«እንደ ራሴ ጥርስ ነው» አለ ማቴዎስ። አስተማሪው ፈረመላት።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሩሀማ እናቷን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ የጥርሱን ነገር ስታነሳ ለምን ደነገጥሽ?»

«አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«ንገሪኝ።»

ካሰች የነጠላዋን ጫፍ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ስትደውዪ ነበር የሚያደርጋቸው። ስትመጪም። ስልኩ ሲጠራ ‹ቆይ፣ እንዳታነሺ!› ብሎ ወደ መኝታ ቤት ይሮጣል። ስትዘጊ ያወልቃቸዋል። አያስበሉትም፤ ድዱን ያቆስሉታል። ዓሣ እንኳ እኔ እሾሁን ለቅሜ፣ ፈርፍሬ ነበር የምሰጠው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ከምናምን።»

ሩሀማ አባቷን የጠየቀችበት ቀን ትዝ አላት። ሦስተኛ ዓመት ደርሳ ጥርሱን ስትሠራ ምኑ ላይ እንደተሳሳተች አውቃ ነበር። በቪዲዮ ሲያወራ ጥርሶቹ ሲጋጩ ይሰማታል። «አባዬ፣ ምንድን ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው?» ስትለው፣ «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ሳቀ። ኔትወርክ እንዳልሆነ ታውቃለች። ግን የጽሑፍ ፈተና ደርሶባት ነበርና እንዳመነ ሰው አለፈችው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እኔማ ልነግርሽ ነበር። ‹ተይ፣ ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች› አለኝ።»

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ንፍሮ እየዞረ ነበር። የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩት አቶ ከበደ ሰሃኑን ተቀብለው፣ ሳይዘግኑ ለሚቀጥለው ሰው ሲያሳልፉ አየቻቸው።

«አይበሉም እንዴ ጋሼ?»

«በምን ጥርሴ ልጄ!» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አፈሩ። «አባትሽ ነው ያቆየኝ። እዚሁ ሐዋሳ ላሠራ ስል፣ ‹ጠብቅ፣ ሩሀማ ስትጨርስ ትሠራልሃለች› አለኝ።»

«የእሱ እንዴት እንደነበረ ነግሮዎታል?»

አቶ ከበደ ወደ መሬት አዩ። «ነግሮኛል።»

«ታዲያ እንዴት እኔን ጠብቅ አለ?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ጠየቅሁት። ‹በእኔ ተማረችበት፤ ያንተ ያምራል› አለኝ።»

ሩሀማ የንፍሮውን ሰሃን ከጎናቸው ካለው ሰው ተቀብላ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አንድ ባቄላ መረጠች፤ ልጣጩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ገፈፈችው፤ በሁለት ጣቷ ጨፍልቃ አለስልሳ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ ሌላ። አዲስ ለቀስተኞች ገብተው «ጌታ ያጽናሽ» ሲሏት፣ «አሜን» አለች፤ እጇ ግን ሥራውን አላቆመም። አቶ ከበደም በቃኝ አላሉም።