«ሲቋምጡ የነበሩ»

ሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «እትዬ» የሚላት ልብስ ሰፊ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታ ሰፍታለች። ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ግን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የምትቆመው እሷ ነበረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በልብስ ሰፊነት ማዕረግ። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ለቦታው አመለከተች።

መልሱ በስምንተኛው ቀን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቦታው ለአዲስ ተቀጣሪ ተሰጥቷል ይላል። ተቀጣሪው የሥራ አስኪያጁ አማች መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ከሥር ደግሞ፣ «ለቦታው ሲቋምጡ የነበሩ ሠራተኞች ወደ ምድብ ሥራቸው ይመለሱ» የሚል ተጨምሯል። ያመለከተችው እሷ ብቻ ነበረች።

«እንግዲህ እትዬ ምራቅሽን ዋጪ» አላት ልብስ ተኳሹ። ሰው ሳቀ።

ቦታውን መነፈጓ አስቆጭቷት ነበር፤ ቃሉ ግን ዘልቆ አጥንቷን ነካት። ወረቀቱን ነቅላ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ቀና እንኳ ሳይል፣ መቋመጥ ማለት አጥብቆ መፈለግ ነው፣ በአንድ ቃል ይህን ያህል መንጨርጨር ምን ይሉታል አላት።

«እናቴ ሰው ሲበላ ቆመሽ አትቋምጪ ትለኝ ነበር» አለች፣ ወረቀቱን ፊቱ አስቀምጣ። «የሚቋምጥ የሰው እጅ የሚያይ ነው። እኔ የማንን እጅ አየሁ? ሁለት ዓመት የቆረጥኩት በገዛ እጄ ነው። ጓጓች ይበሉኝ፣ ተመኘች ይበሉኝ፤ እውነት ነው። ይህን ግን ያንሡልኝ።»

ወደ ስፌት መኪናሽ ተመለሽ አላት። ተመለሰች።

በሳምንቱ ባለመስመር ጨርቅ መጣ። አማቹ የቆረጠው የእጅጌ መስመር ከደረቱ አልገጥም አለ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ጊዜ አስጠራት፤ ሦስቴም ምድብ ሥራዬ ኮሌታ ነው ብላ ላከች። ያን ሁሉ ሸሚዝ ገዢው መለሰው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ሲቋምጡ የነበሩ» የሚለው ቀርቶ «ያመለከቱ» የሚል አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ ቦታው ግን እዚያው አማቹ ጋ ነበር። ቃሉ መታረሙን ሊነግራት የመጣው ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን ሰውየውን አለማምጂው ሲላት፣ በቆራጭነት ማዕረግ ከሆነ እሺ፣ ያለዚያ አይሆንም አለችው።

ሁለት ወር ፈጀ። አማቹ ራሱ ሥራው አልሆነልኝም ብሎ ለቀቀ፤ የሹመቱ ደብዳቤም ደረሳት። ቆማ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ቃል አነበበችና ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ ምስጋና ይጠብቅ ነበር። መቀሱን አንሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።