ክሬኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ያን ቀን ጠዋት ውኃ መጥታ ስለነበር ባልዲዎቹን ሁሉ ሞላሁ። ባለቤቴ ሸሚዙን ይተኩሳል። ልጃችን አንድ እግር ጫማዋን ፍለጋ አልጋ ሥር ገብታለች።

"አባዬ፣ አንተ ነህ የደበቅከው" አለችው።

"ለክቼው ነበር፤ ጠበበኝና ተውኩት" አላት።

ትምህርት ቤት አድርሰናት እንደ ወትሮው አብረን ሥራ ገባን። እሱ ማሽን ተከላ ላይ ነው የሚሠራው፤ እኔ ፎቁ ላይ፣ ንድፍ ክፍል።

ወርክሾፑ በቅርቡ ያገለገለ ክሬን ገዝቶ ነበር። እኛ ዘንድ ያገለገለ ዕቃ ሲመጣ ዝገቱ ይፋቅና አዲስ ቀለም ይቀባል። ቀለም ቀቢው የድሮውን ጽሑፍ ሁሉ ሸፍኖ፣ ክሬኑ የሚያነሣውን ክብደት ብቻ በትልልቁ ጻፈ፦ 5000። ሥራችን ሁሉ በኪሎ ስለሆነ ከቁጥር ኋላ ምንም አንጽፍም። ስንነጋገርም ቁጥሩን ብቻ ነው የምንጠራው።

የዚያን ዕለት አራት ሺህ ኪሎ የሚመዝን ሞተር ተነሥቶ መሠረቱ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ሲወርድ የብሎን ቀዳዳዎቹን የሚያገጥመው ባለቤቴ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከጭነቱ ሥር መግባት ግድ ነው። ንድፉን ይዤ ስወርድ አንገቱን ቀና አድርጎ ክሬኑን ሲያይ አገኘሁት።

"ሰንሰለቱ አልቀጠነብሽም?" አለኝ።

"ለአምስት ሺህ ቀጭን ነው" አልኩት።

የወርክሾፑ አለቃ ሰማን። "ባልና ሚስት ቤታችሁ መክራችሁ መጣችሁብኝ? ትናንት ሁለት ሺህ አንጠልጥሎ ዋለ እኮ። ምን ሆነ?"

"ጋሼ፣ ሁለት ሺህና አራት ሺህ አንድ ነው እንዴ?" አለ ባለቤቴ። "ሻጩ ጋ ደውልልኝና ልረጋ።"

"አንተ ሰው፣ ስታገባም እንዲህ እያጣራህ ነበር?"

"እሷን ጠይቃት።"

አለቃው እየሳቀ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"ወንድሜ፣ ያ ክሬን ስንት ነበር የሚያነሣው?"

"አምስት ሺህ" አለ ሻጩ። "ጥርጥር የለውም፤ እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ።"

"ሰማህ?" አለ አለቃው።

"ሰማሁ።" ባለቤቴ ጓንቱን አጠለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በይ አንቺ ሂጂ፣ እዚህ አትቁሚ" አለኝ።

ደረጃው ላይ ስደርስ ቆሜ አየሁ። ሞተሩ ከወለሉ ተላቀቀ። ሰንሰለቱ ሲወጠር አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ተሰማ። ሠራተኞቹ ቀና ብለው አዩ። ከሰንሰለቱ ላይ አዲሱ ቀለም እየተላጠ ወለሉ ላይ መርገፍ ጀመረ። "ቀስ" አለ ባለቤቴ፣ በዚያው በተለመደ ድምፁ። ቀዳዳዎቹን ለማየት አጎነበሰ። ሰንሰለቱ ያን ጊዜ ተበጠሰ።

መርማሪዎች መጥተው ቀለሙን ሲፍቁት ከሥር ያለውም ቁጥር ያው አምስት ሺህ ነበር። ከጎኑ ግን ፓውንድ ይላል። አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሻጩ አልዋሸም፤ አለቃውም አልዋሸም። የምን አምስት ሺህ እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ሞተሩ በሌላ ክሬን ተነሥቶ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ይሠራል። እኔም ንድፍ ክፍል አለሁ። ባለቤቴ የለም።