የአልማዜ አሥራ አንድ ደቂቃ

«አሁንስ ምን ይላል?» አለ ኢብራር በስልክ።

ዘመነች ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ያው ነው። ፋይሉን ማጫወት አልተቻለም ነው የሚለው።»

«በሌላኛው ማጫወቻስ? ብርቱካንማ ምልክት ባላት?»

«እሷማ ጭራሽ አትናገርም። ትከፈትና ጥቁር ሆና ትቀራለች።»

«መጠኑ ስንት ነው?»

«አንድ ነጥብ ሦስት ጊጋ።»

«ርዝመቱስ? ስንት ደቂቃ ይላል?»

«ባዶ ነው። ምንም አልተጻፈበትም።»

«አይ...» አለ ኢብራር። አየር ጤና ላይ ኮምፒውተር ሲጠግን ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው «አይ» ሲል ደስ አይልም።

ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሽ ላይ የተቀመጡ ሁለት ለቀስተኞች ተያዩ። «እናቷን ትናንት ቀብራ ዛሬ ኮምፒውተር» አለች አንደኛዋ፣ እሷ ሹክሹክታ በምትለው ድምፅ። ሌላዋ ንፍሮዋን እየዘገነች «የዘንድሮ ልጅ፣ ምን ታደርጊዋለሽ» ብላ መለሰች። ዘመነች ሰምታለች። «እናቴን እኮ ነው የምፈልገው!» ብላ ብትጮህባቸው በወደደች። ግን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ላይ አይጮህም፤ ዋጥ አደረገችው።

«በስልክ አይሆንም» አለ ኢብራር በመጨረሻ። «ፍላሹን ይዘሽልኝ ነይ።»

«ነገ እኮ ነው ሣልስቱ። እንዴት አድርጌ ልውጣ?»

«ውይ፣ እውነትሽን ነው። በይ በሰው ላኪልኝ።»

ነገ ሣልስት ብቻ አይደለም። ነገ ወንድሟ አምላኩ ይገባል። ገብቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ይሄ የማይከፈት ፋይል ውስጥ ነው ያለው።

እናታቸው አልማዜ አጠና ተራ ሠላሳ ዓመት አጠና የሸጠች ሴት ነበረች። እንጨቱን በጣቷ አንጓ ቆርቆር አድርጋ የትኛው ጣራ እንደሚሸከም፣ የትኛው በሁለት ክረምት እንደሚበሰብስ ትናገራለች። «ቀጥ በል!» ብላ ተሸካሚ ላይ ስትጮህ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ወገቡን ያቀና ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ልጇ አምላኩ ተደብቆ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ያንኑ መንገድ መያዙን ስትሰማ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «ሁለተኛ የሹፌር ሬሳ አልቀበልም» አለችው። «ከዛሬ በኋላ ስልክህን ባነሳ ገብርኤል ይፍረድብኝ።»

አላነሳችም። ሁለት ዓመት ሙሉ አላነሳችም። ሲደውል ስልኩን እንደ ጋለ ብረት ለዘመነች ትወረውራለች፤ ቤት ሲመጣ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ዘጋች ስል ግን ከበሩ ኋላ ቆማ እያንዳንዷን ቃል ታዳምጥ ነበር። ግትር ናት፣ ምን ይደረግ!

ኩላሊቷ ሲደክም ነው ነገሩ የተለወጠው። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ዘመነችን ጠራቻት።

«ነይ ቅረጪኝ።»

«ምኑን?»

«እኔን ነዋ! ስልክህን ባነሳ ብዬ ነው የማልኩት። ቪዲዮ መቀረጽ ስልክ ማንሳት ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ እማ» አለች ዘመነች ሳቋን ይዛ።

«አይደለም አይደል? እንግዲያው ቅረጪኝ። አንቺ ግን እንዳታዪው፤ የሱ ነው።»

ዘመነች ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ ቀዩን ምልክት ነካች። ወዲያው እትዬ ፋሪዳ ከጎረቤት «ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!» ብለው ተጣሩ። ዘጠኝ ቀን ጠፍቶ የመጣ ውሃ ነው፤ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚያውቅ የለም። ዘመነች ጄሪካኖቿን አንጠልጥላ ሮጠች። በርሜሉን ሞልታ፣ እጅጌዋ ርሶ ስትመለስ አልማዜ ትራሷ ላይ ጋደም ብላለች፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። «ጨርሻለሁ፣ አጥፊው» አለች። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ለአምላኩ ደውላ ስትነግረው መጀመሪያ አላመነም።

«ለኔ? እማ? ምን አለች?»

«አላየሁትም። ያንተ ነው ብላለች።»

በቴሌግራም ልትልክለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሽ ሳይደርስ ይቀራል። «በቃ ተዪው፣ ዘሙዬ» አላት። «ስመጣ አብሬያት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ያኔ ጓዳ አትገባብኝም።»

አልደረሰም። አልማዜ ስትሞት እሱ ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቅ ነበር። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደውሎ እንደ ሕፃን እያለቀሰ «ቅረጹልኝ» አለ። «ሁሉንም ቅረጹልኝ፣ አፈሩ ሲመለስ ሳይቀር። ሌላው ቢቀር እሱን ልይ።»

ስልኳ ሞልቶ ነበር። ቦታ ያስፈልጋል። ዘመነች ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ የእናቷን አሥራ አንድ ደቂቃ ከስልኩ ቆርጣ ወደ ፍላሽ አዛወረችው። ኮምፒውተሩ ጨርሻለሁ አለ፤ የፍላሹ ትንሽ መብራት ግን ገና ብልጭ ድርግም ትላለች። ልክ ያኔ «ወዮ አልማዜ! ወዮ እህቴ!» የሚል ጩኸት በሩን ሞላው። የአልማዜ ዘመዶች ከወልቂጤ አውቶቡስ ይዘው ደርሰዋል። እንግዲህ ፍረዱ፤ የእናቷ እህት ደረቷን እየመታች ስትገባ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ልጠብቅ የምትል ልጅ የት አለች? ዘመነች ፍላሹን መንጭቃ እንዳይጠፋ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ እየጮኸች ወጣች።

የቀብሩ ቪዲዮ ጥርት ብሎ ይጫወታል። አካፋው ድንጋይ ሲነካ ሳይቀር ይሰማል።

ፍላሹን ወደ አየር ጤና የወሰዱት እትዬ ፋሪዳ ናቸው። በመሐረብ ቋጥረው፣ መሐረቡን ቦርሳቸው ውስጥ፣ ቦርሳውን ብብታቸው ሥር አድርገው ታክሲ ተሳፈሩ። ብዙም ሳይቆይ ኢብራር ደወለ።

«ዘመነች፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሳጥኑ አለ፣ ውስጡ ግን አብዛኛው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ጨርሻለሁ ያለሽ ፍላሹ ላይ ገና እየጻፈ ሳለ ነው።»

«ከስልኩስ? መጀመሪያ የነበረው እዚያ አይደል?»

«ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ሌላ ነገር ቀርጸሻል?»

«የቀብሩን። ሙሉውን።»

«በቃ፣ የቀብሩ በላዩ ተጽፎበታል፤ ከስልኩ ተስፋ የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ፍላሹ ላይ የቀረችውን ያህል ግን ልሞክር። ለዚያ ደግሞ በዚያው ስልክ የተቀረጸ ደህና ቪዲዮ ያስፈልገኛል። የተበላሸውን እያስተያየሁ የምጠግነው በሱ ነው። ማንኛውም ይሁን።»

ዘመነች ስልኳን ከፈተች። የቀብሩ ብቻ ነው ያለው። እናቷ በሕይወት እያለች የተናገረችው የሚጠገነው አፈር ስትለብስ በተቀረጸው ነው።

«እሱን ልላክልህ?» አለች።

«ላኪው» አለ ኢብራር። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አልቆ ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ፣ እትዬ ፋሪዳ ፍላሹን አምጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«አራት ሰከንድ ብቻ ነው የወጣው ይላል ኢብራር። ሌላው የለም።»

«አራት?»

«አራት። ሌሊቱን ሲታገል ነው ያደረው፣ ምስኪን።» ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉ። «ስሚኝ ልጄ። ልጁ መንገዱን ሙሉ አንጀቱ እየተቃጠለ ነው የሚመጣው። ይቅር ብዬሃለሁ ብላለች በይው። ምን አለበት? አልማዜን አላውቃትም? ሌላ ምን ልትል ትችላለች?»

«ሌላማ ልትል ትችላለች፣ እትዬ ፋሪዳ። እማን እኮ ያውቋታል።»

እትዬ ፋሪዳ መሐረባቸውን አጣጥፈው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

አምላኩ አራት ሰዓት ላይ ገባ። ሸሚዙ ላይ የሦስት ቀን አቧራ አለ። ሴቶቹ ተነስተው ጮኹ፣ እሱም ግንባሩን በጡጫው እየመታ ጮኸ፣ ወንዶቹ ይዘው አስቀመጡት። ውሃ ሰጡት፤ አልጠጣም። ቤቱ ትንሽ ጋብ ሲል ዓይኑ ዘመነችን ፈለገ።

«ቪዲዮው?» አለ።

ጓዳ ገብተው የአልማዜ አልጋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘመነች ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክታ ሁለት ጊዜ ሌላ ቦታ ነካች። እሷም ገና አላየችውም።

አልማዜ ስክሪኑ ላይ ታየች። ወደ ስልኩ ተጠግታ አንድ ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች። «የቱን ልይ? ይሄን? እሺ» አለች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገች። «ስማኝ...»

ቆመ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

አምላኩ ጠበቀ። ይቀጥላል ብሎ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«ከዚያስ?» አለ።

«ይሄው ነው። ተበላሸ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ግን ነበርሽ። አንቺ አይደለሽ የቀረጽሻት? ምን አለች?»

ይቅር ብላሃለች የሚለው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ሰው ታድናለች። ግን በእናቷ አፍ እንዴት ትናገር? አልማዜ ለአሥራ አንድ ደቂቃ የተናገረችውን እሷ በየትኛው ሥልጣኗ በሁለት ቃል ትጨርሰው?

«አላውቅም» አለች። «ውሃ መጥቶ ነበር። ጄሪካን ልሞላ ወጣሁ። ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል አልሰማሁም፣ አምላኩዬ። አንድም።»

ቢጮህባት፣ ቢመታት በወደደች። እሱ ግን ወደ ላፕቶፑ ዞረ። እጁን ዘርግቶ እንደገና አስጀመረው። የቱን ልይ? ይሄን? እሺ። ስማኝ። እንደገና። ለአራተኛ ጊዜ ሲቆም ሊነካው ብሎ ተወው።

የቆመው ምስል ላይ የአልማዜ ሻሽ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሽበቷ ወጥቷል። አምላኩ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ መስታወቱን ነክቶ፣ ሻሿን ቀስ አድርጎ ወደ ግንባሯ ሳብ ሳብ ያደርገው ጀመር።